«እሽ» ስህተት ነው ወይስ ወሎ?

 ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርትና ስለ ግቢ ኑሮ ነው የሚያወራው። ዛሬ ግን ስለ ፊደል እናውራ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛ እንደምናየው ግን ሰውን መጻፍ እስከማስተው የሚደርስ ጉዳይ ሆኗል።

በግቢያችን ልቦለድ የሚጽፉ ወንድሞችና እህቶች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በደብተር ጽፎ በዶርም ያዞራል። አንዳንዱ በቴሌግራም በክፍል በክፍል ይለቃል። ጥቂቱ ደግሞ ከቤተሰብም ከጓደኛም ብር አሰባስቦ ማተሚያ ቤት ይገባል። የዚህ የመጨረሻው ሸክም ከሁሉም ይከብዳል። ደራሲውም፣ ተየቢውም፣ አርታኢውም፣ አሳታሚውም፣ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ የሚያዞረውም እሱው ነው። ስለዚህ ትችት ሲመጣ የሚካፈለው የለም። ትልቅ አሳታሚ ያለው ደራሲ «አርታኢዬ ሳያየው አልፎ ነው» ሊል ይችላል። የኛ ሰው ማንን ይበል?

የሚመጣው ትችት ስለ ታሪኩ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። አባትየው ለምን ልጁን ከቤት እንዳስወጣ፣ መጨረሻው ለምን እንደተቻኮለ የሚጠይቅ አንባቢ ብርቅ ነው። በብዛት የምንሰማው «ፊደል አልጠበቀም»፣ «አርትዖት የሚባል አልነካውም»፣ «ይሄ አማርኛ ነው እንዴ?» የሚለውን ነው። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ተናጋሪውም ሰሚውም ልብ አይለውም።

ከወሎ የመጣች አንዲት እህታችን ባለፈው ዓመት አንድ ቀጭን ልቦለድ በራሷ ገንዘብ አሳትማ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ ከአቦል እስከ በረካ የሚያወጉበት፣ ያነበብነው ሁላችን የወደድነው መጽሐፍ ነው። አንድ አንባቢ ገዝቶ ካነበበው በኋላ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ መለሰላት። «እሽ» ያለችበትን ሁሉ «እሺ»፣ «ሂዳ»ን «ሄዳ»፣ «እማየ»ን «እማዬ»፣ «ኸቤት»ን «ከቤት» እያለ ከዳር እስከ ዳር አርሞታል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን የአያቲቱ ስም ዘሃራ ተብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ዛህራ ይሆናል፤ አንድ አንቀጽም ሁለት ቦታ ታትሟል። እነዚህም በዚያው ቀይ ተሰምሮባቸዋል። ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። እሷም በበኩሏ ቋንቋዬ ተሰደበ ብላ ሁሉንም በአንድነት ጣለችው፤ የተደገመውን አንቀጽም፣ የተቀያየረውን ስምም። ሁለተኛውን ክፍል አልጽፍም ብላለች። ያልተሸጡት ቅጂዎች ካርቶን ውስጥ እንደታሸጉ አልጋዋ ሥር ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ የኛ አቋም ለሁለቱም ወገን አይመችም። አንባቢው ግማሹ ትክክል ነበር። ግማሹን ግን ማረም አልነበረበትም።

ከትክክለኛው ግማሽ እንጀምር። የገጸ ባሕርይ ስም ከገጽ ገጽ ሲለዋወጥ፣ ዓረፍተ ነገር ግሥ አጥቶ ሲንጠለጠል፣ ማክሰኞ የተጀመረ ጉዞ ሰኞ ሲያልቅ ስህተት ነው፤ የትም አገር ቢሆን ስህተት ነው። «በግሌ ነው ያሳተምኩት» የሚለው ምላሽ እውነት ቢሆንም አንባቢውን አይመለከተውም። አንባቢው ተማሪ ነው፤ የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣው ከምሳው ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ከፍሎ የገዛውን ነገር ጎደሎ ሆኖ ሲያገኘው የመናገር ሙሉ መብት አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ትችት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ጀዛከላህ ኸይር፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? ገጹን በማስታወሻ ደብተር መዝግቦ በቴሌግራም ያለውን ያኑኑ ማስተካከል፣ የታተመውን ደግሞ አንድ የእርማት ወረቀት አዘጋጅቶ ገና ባልተሸጡት ቅጂዎች ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የእርማት ወረቀት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የድሮ የአማርኛ መጻሕፍትን ላይብረሪ ገብታችሁ ብትገልጡ መጨረሻቸው ላይ የእርማት ሠንጠረዥ ያላቸው ታገኛላችሁ።

ስህተቱ ሁሉ ከደራሲው እጅ የሚመጣ አለመሆኑንም እንናገር። በቆየ ፎንት የተተየበ ፋይል ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደሉ ይዘበራረቃል። «ሟ»፣ «ቷ»፣ «ኳ» የመሳሰሉት ደግሞ ቶሎ ይጠፋሉ። አራት ነጥብ የነበረው ሁለት ሁለት ነጥብ ሆኖ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ የሚሰጠውን የሙከራ ቅጂ ሳያነቡ «ይታተም» ብሎ አለመፈረም። ሲያነቡም ለብቻ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ሙቃበላ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ የተገለበጠው ቅጂ ከዋናው ጋር እየተያየ፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው እየተከታተለ ይታረም ነበር። ሙዘኒ የኢማሙ ሻፊዒይን «አር-ሪሳላ» ራሳቸው ዘንድ 80 ጊዜ እንዳነበበውና በየንባቡ የሚታረም ነገር እንዳልጠፋ ይተረካል። የራሱን ረቂቅ በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ጊዜ አይቶ ማተሚያ ቤት የሚሮጥ ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

ሁለተኛው ነገር ያልተቋጨ የፊደል ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ጠንቀቅ ማለት አለበት። አማርኛ ሞክሼ ፊደላት አሉት፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ የመጀመሪያው ድምፅ በሁለት ፊደል፣ መካከለኛው ደግሞ ራብዖቹን ጨምረን በስድስት ፊደል ሊጻፍ ይችላል። አንድ ቃል፣ 12 አጻጻፍ፣ አንድ ንባብ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ሞክሼዎቹን ቀንሰው፣ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ይበቃል በሚል አቋም ጽፈው ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ገና ከስሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብሎ የግዕዙን ሥር ጠብቋል። አንዱ «አዲስ» ይላል፣ ሌላው «ዐዲስ»። ሁለቱም የቋንቋው ትላልቅ ሰዎች ናቸው፤ ማናቸውንም ፊደል አያውቅም የሚል የለም። ታዲያ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «ሀሳብ» ብሎ ስለጻፈ ማይም የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ ማለት እንደፈለጉ መጻፍ ማለት አይደለም። መምረጥና በምርጫ መጽናት ነው። ገጽ 3 ላይ «ሐሳብ»፣ ገጽ 5 ላይ «ሃሳብ»፣ ገጽ 9 ላይ «ኀሳብ» ከሆነ ችግሩ የፊደሉ አይደለም፣ የግዴለሽነቱ ነው። ረቂቁን ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ወረቀት የቃላት ዝርዝር አውጡ፤ ዓመት ወይስ አመት፣ ሥራ ወይስ ስራ፣ ውሃ ወይስ ውኃ። ከዚያ ለሚመጣው ትችት መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ።

በነገራችን ላይ እኛ ሙስሊሞች ከሞክሼዎቹ ጋር የተለየ ዝምድና አለን። ለጆሮ ትርፍ የተባሉት ፊደላት ዐረብኛ ቃል ስንጽፍ ሥራ ያገኛሉ። ሐን ለ«ሐላል»፣ ኸን ለ«ኸይር»፣ ዐን ለ«ዱዓ» ስንጠቀም የዐረብኛውን ድምፅ ልዩነት በፊደል እናቆየዋለን፤ በአፋችን ባንለየውም እንኳ። ሆኖም እዚህም ስምምነት የለም። ሶላትና ሰላት፣ መስጂድና መስጊድ፣ ረመዳንና ረመዷን ጎን ለጎን ይኖራሉ። በልቦለድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ የሚናገረው ማን ነው? የተጅዊድ ኡስታዝ የሆነ ገጸ ባሕርይ «ረመዷን» ቢል ያምርበታል። ዕድሜዋን በእርሻና በቡና ጀበና ዙሪያ የፈጀች አያት አፍ ውስጥ ያንኑ ፊደል ብንከት ግን አያቲቱ ትጠፋለች። አርሞ ያሳመረ የመሰለው ሰው ገጸ ባሕርይዋን ገድሎ ነው የሚሄደው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ያደርሰናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያትም እሱ ነው።

«እሽ»፣ «ሂዶ»፣ «እማየ» የፊደል ግድፈት አይደሉም። በወሎም በጎንደርም በጎጃምም ብዙ ሰው የሚናገረው እንዲሁ ነው። ከ«ከ» ይልቅ «ኸ» የወሎ ምልክት ሆኖ ይታወቃል፤ በመንዝና በጎጃም ገጠር ደግሞ በዚያው ቦታ «ተ» የሚሉ አሉ፤ ከዚህ ለማለት «ተዚህ»። በትምህርት ቤት መጽሐፍና በሬዲዮ የለመድነው አማርኛ ወደ አዲስ አበባው ያደላ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ጠማማ መስሎ ይታየናል እንጂ ከቋንቋው ውጭ ሆኖ አይደለም። የወሎ መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ሲያሰፍሩ ኖረዋል፤ የጻፉትም በሚናገሩት አማርኛ ነው። «እሺ» በሉ ብሎ የሚያርማቸው አልነበረም፤ ቢኖርም ያ ሁሉ ጣዕም ዛሬ ባልደረሰን ነበር።

ስህተትና የአካባቢ አነጋገር እንዴት ይለያል ለሚለን አንድ ቀላል መፈተኛ አለን። የአካባቢ አነጋገር ሕግ አለው። «ሂዶ» የሚል ሰው «ሂዳለች» ይላል፣ «ሂጃለሁ» ይላል፤ አይስትም። ስህተት ግን ሕግ የለውም፤ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይቀራል። የእህታችን መጽሐፍ ውስጥ «እሽ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሽ» ነው። ዘሃራ ግን ዛህራ ሆናለች። ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ወንድማችን ይህን ብቻ ቢያስተውል ኖሮ ሥራው በአሥረኛ ይቀንስለት ነበር።

ይህ ጥንቃቄ አዲስ አይደለም። በ643 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑ ሶላሕ በሐዲስ ጥበብ መጽሐፋቸው ውስጥ በጽሑፍ ላይ ስህተት የመሰለ ነገር ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለውን ያነሳሉ። እንደ ኢብኑ ሲሪን ያሉት እንደተሰማው ይተላለፍ ይሉ ነበር። እንደ አውዛዒና ኢብኑል ሙባረክ ያሉት ደግሞ ይታረም የሚል አቋም ነበራቸው። ኢብኑ ሶላሕ የሚያደሉት ጽሑፉ እንዳለ ተትቶ፣ አጠራጣሪው ቃል ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ትክክል የመሰለው በኅዳግ እንዲጻፍ ነው። ከሰጡት ምክንያት የዛሬውን ጉዳያችንን በቀጥታ የሚነካ አለ። ብዙ ጊዜ ሊቃውንት ሳይቀሩ ስህተት ብለው የለወጡት ነገር ኋላ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ በተለይም በቋንቋ በኩል ስህተት የተባለው፣ ምክንያቱም የዐረብ ጎሳዎች አነጋገር ብዙና የተለያየ ነው ይላሉ። ልቦለድን ከሐዲስ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ሐሻ። ግን ለዚያ ክቡር ጽሑፍ የተፈራ እጅ ለጓደኛው ረቂቅም ትንሽ ቢፈራ ምን አለበት? አርታኢ የሆናችሁ ጓደኞች፣ አትለውጡ፤ ምልክት አድርጉና ጠይቁ።

እኛም በመካከላችን ያልተስማማንበት አለ። ግማሾቻችን የአካባቢ አነጋገር በንግግር ውስጥ ብቻ ይሁን፣ ተራኪው ግን ሁሉም የሚያውቀውን አማርኛ ይጻፍ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ተራኪዋ ራሷ የቃሉ ልጅ ከሆነች «እኔ» ስትል አፏን ለምን ትቀይራለች እንላለን። ብዙ ተከራክረን ያዘነበልነው ወደዚህ ነው፤ «እኔ» እያለች የምትተርክ ገጸ ባሕርይ በራሷ አፍ ትናገር፣ ከውጭ ሆኖ የሚተርክ ግን ምክንያት ከሌለው የጋራውን ይያዝ። አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ተስማምተናል። የአገር ቤት አነጋገርን ለዘበኛው፣ ለሠራተኛዋና ለሞኙ ብቻ ሰጥቶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዜና አንባቢ አማርኛ ማናገር ከየትኛውም የፊደል ግድፈት የከፋ ነው። በኮሜዲ የለመድነው ነው፤ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ግን ከገጠር የመጣ ተማሪ አይጠፋውም።

ከስልጤ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከአፋር መጥተው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ወንድሞችና እህቶችም ይጽፋሉ። ለእነሱ «አማርኛ አትችልም» የሚለው ቃል ከፊደል በላይ ይመታል። ያም ሆኖ እውነቱን መደበቅ አይጠቅማቸውም። ወንድና ሴት ጾታ ከተደበላለቀ፣ ግሡ ከባለቤቱ ካልተስማማ «የአካባቢዬ ነው» ማለት አያዋጣም። የአካባቢ አነጋገር ለሁሉም ስንፍና መጠለያ ሲሆን እውነተኛውን የወሎ ወይም የጎጃም አማርኛ የሚጽፈውን ሰው ያስወቅሳል።

ትችት ሲደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያው ሌሊት አትመልሱ፤ ይደር። አንባቢ «ይህን ቦታ አልገባኝም» ካለ አትከራከሩት፤ አልገባውም፣ በቃ፤ ለምን እንዳልገባው መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። «ይህ ቃል ልክ አይደለም» ካለ ግን ያ ሊፈተሽ የሚችል ነገር ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ቃሉ የቱንም ያህል የእናታችሁ ቢሆን ዙሪያውን አስተካክሉት፤ ትርጉሙ ከዓረፍተ ነገሩ እንዲታይ አድርጉ እንጂ የግርጌ ማስታወሻ አታብዙ። በአካባቢያችሁ አማርኛ ለመጻፍ ከወሰናችሁ መጽሐፉ መግቢያ ላይ በሁለት መስመር ንገሩና ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ጠበቃ አትሁኑ። ጓደኛ አሰልፎ ተቺን ማስጮህ ደግሞ ከአደብም አይደለም፣ መጽሐፍም አያሸጥም።

አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። ነሲሓ ለብቻ ሲሆን ያምራል፤ ካፌ ውስጥ መጽሐፉን ገልጦ ለጠረጴዛው ሁሉ ማንበብ ነሲሓ አይደለም። ገጹን ጥቀሱ። ያልለመዳችሁትን ቃል ከማረማችሁ በፊት «የት ነው እንዲህ የሚባለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ታሪኩም አንድ ነገር በሉ፤ የወደዳችሁትን ወይም ያልወደዳችሁትን። ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሌሊቱን የጻፈው ስለ ሐና ስለ ኀ አልነበረም።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ረቂቅ ልቦለድ ይቀበላል። እያንዳንዱን ረቂቅ ሁለት ሰው ያነበዋል፤ አንዱ ከደራሲው አገር የመጣ፣ ሌላው ከሌላ ቦታ። ሁለቱም ምልክት የሚያደርጉት በእርሳስ ነው።